ገንዘቡን ማን ያውጣ? የኢሪ ቦይ ታሪክ

[ጥቁር ስክሪን። የመድፍ ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ራቅ ካለ ቦታ።]

ይህ የጦርነት መድፍ አይደለም። ቀኑ ኦክቶበር 26፣ 1825 ነው። በዚህ ቪዲዮ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራዋለን። በኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡፋሎ ከተማ አንድ መድፍ ተተኮሰ። ድምፁ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሌላ መድፍ ይጠብቃል። እሱም ተኮሰ፣ ቀጣዩም ተቀበለ። ቴሌግራፍ ባልነበረበት ዘመን ወሬው እንዲህ ከመድፍ ወደ መድፍ እየዘለለ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ኒው ዮርክ ከተማ ገባ።

ወሬው ምን መሰላችሁ? ጀልባ የሚሄድበት የኢሪ ቦይ ተከፈተ። ለአንድ የውሃ ቦይ ይህን ያህል ባሩድ ማቃጠል የበዛ ይመስላል። ግን ከኋላው ያለውን ጭቅጭቅ ስታዩት አይበዛም።

[ካርታ፦ የአትላንቲክ ጠረፍ፣ የአፓላቺያን ተራሮች፣ ታላላቆቹ ሐይቆች]

አሜሪካ ያኔ ገና ወጣት አገር ናት። ሕዝቡ ተራራውን እየተሻገረ ወደ ምዕራብ ይሰፍራል። መሬቱ ለም ነው፣ ስንዴው ይበቅላል። ችግሩ ስንዴውን ገበያ ማድረስ ነው። በ1816 አንድ የሴኔት ኮሚቴ ያቀረበው ስሌት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ ቶን ዕቃ ከአውሮፓ ውቅያኖስ አቋርጦ 4,800 ኪሎ ሜትር ለመምጣት 9 ዶላር ገደማ ይበቃዋል። በዚያው ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ በጋሪ ብትጭነው ከ50 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ የምዕራቡ ገበሬ እህሉን ወደ ውስኪ ይቀይረው ነበር። ውስኪ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ያወጣላ!

ጄሲ ሃውሊ የሚባል የዱቄት ነጋዴ በዚሁ የማጓጓዣ ችግር ከሰረ። ዕዳውን መክፈል አቅቶት እስር ቤት ገባ። እዚያ ተቀምጦ በ1807 እና በ1808፣ «ሄርኩለስ» በሚል የብዕር ስም፣ የኢሪን ሐይቅና ወደ ኒው ዮርክ ከተማ የሚወርደውን የሃድሰንን ወንዝ በቦይ እናገናኝ የሚሉ ጽሑፎች ለጋዜጣ ላከ። ሐሳቡ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1809 የኒው ዮርክ ሰዎች ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዘንድ ወሰዱት። ጄፈርሰን ሐሳቡ መቶ ዓመት ቀድሟል አለ። ዛሬ ማሰቡ ግን ዕብደት ለመባል ትንሽ ነው የቀረው አላቸው።

እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም። ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛውም ጫካ። አገሩ ውስጥ በሙያው የሠለጠነ የቦይ መሐንዲስ የለም ማለት ይቻላል።

[ምስል፦ የሕገ መንግሥቱ ገጽ]

አሁን ወደ ዋናው ጥል እንግባ። መንገድና ቦይ ያስፈልጋል በሚለው ብዙዎች ይስማማሉ። የማይስማሙት ገንዘቡን ማን ያውጣ በሚለው ነው። በ1817 መጀመሪያ ኮንግረስ ከብሔራዊው ባንክ የሚገኘው ገንዘብ ለመንገድና ለቦይ እንዲውል አንድ ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ማዲሰን ሥልጣኑን ሊያስረክብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማርች 3፣ ውድቅ አደረገው። የሚገርመው፣ መንገድና ቦይ እንሥራ እያለ ሲወተውት የነበረው ራሱ ማዲሰን ነው። ግን ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል መንግሥት ይህን ሥልጣን አልሰጠም፣ መጀመሪያ ይሻሻል አለ።

የኒው ዮርክ ግዛት ባዶ እጇን ቀረች። የቦዩ ዋና ጠበቃ ዴዊት ክሊንተን ነበር። ከቢል ክሊንተን ጋር አታምታቱት፣ አይዛመዱም። ይህ ሰው በ1812 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በማዲሰን የተሸነፈ ነው። እንግዲህ ግዛታችን ብቻዋን ትሠራዋለች አለ። ኤፕሪል 15 ላይ የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አወጣ። የክሊንተን ደመኛ የነበረው ማርቲን ቫን ቢዩረን እንኳ ለቦዩ ተከራክሮ ድምፁን ሰጠ። እምቢ ያሉት የኒው ዮርክ ከተማ ተወካዮች ናቸው። ግብሩን ፈሩ፣ ክሊንተንንም አይወዱትም። ከሁሉ አብልጣ ልትከብርበት የነበረችው ከተማ ቦዩን ተቃወመች!

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከጨው ላይ ቀረጥ፣ ከጨረታ ላይ ቀረጥ፣ የቀረው በቦንድ። ትልልቆቹ ባለሀብቶች መጀመሪያ ዳር ቆመው ተመለከቱ። የእንግሊዝ ገንዘብ በብዛት የመጣው ሥራው በዓይን ከታየ በኋላ ነው።

[አኒሜሽን፦ ቁፋሮው ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲሄድ]

እዚህ ላይ አንድ ብልጠት አለ። ቁፋሮው የተጀመረው ከጫፍ ሳይሆን ከመሃል፣ ሮም ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ጁላይ 4፣ 1817። እዚያ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ለመቆፈር ይቀላል። ቶሎ የሚታይ ሥራ ደግሞ የመራጭን አፍ ያዘጋል። በ1819 ከሮም እስከ ዩቲካ ጀልባ ሄደ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ መጣ። ቡፋሎ ከሃድሰን ወንዝ በ170 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ውሃ ዳገት አይወጣም። መፍትሔው ሎክ የሚሉት ነው፦ ከፊትና ከኋላ በር ያለው የድንጋይ ገንዳ። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጀልባው ከፍ ይላል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። እንዲህ ያሉ 83 ሎኮች ተሠሩ። ያሠሩት ቤንጃሚን ራይትና ጄምስ ጌዲስ ከዚያ በፊት የመሬት ቀያሾች ነበሩ። ካንቫስ ዋይት የሚባል ወጣት ረዳታቸው እንግሊዝ ሄዶ የቦይ ዳር ለዳር በእግሩ እየዞረ ሙያውን አይቶ መጣ። ሲመለስም ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ እዚያው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ተገኘ።

ቆፋሪዎቹ የአካባቢው ገበሬዎችና የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። በ1819 በጋ ሞንቴዙማ ረግረግ ውስጥ ብዙዎቹን ወባ ጣላቸው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፖለቲካው ተመልሶ መጣ። በኤፕሪል 1824 የክሊንተን ተቃዋሚዎች ከቦይ ኮሚሽኑ አባረሩት። ያለ ደመወዝ ሲያገለግል የነበረን ሰው! ነገሩ ዞሮ እነሱኑ ጎዳ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ክሊንተንን ገዥ አድርጎ መረጠው። በ1825 ከኢሪ ሐይቅ በበርሜል የመጣውን ውሃ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያፈሰሰው እሱ ነው።

[ግራፍ፦ የጭነት ዋጋ ሲወርድ]

ቦዩ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። ከቡፋሎ ኒው ዮርክ ለአንድ ቶን 100 ዶላር የነበረው ዋጋ ከ10 በታች ወረደ። ቦዩ የሚያልፍባት ሮቼስተር በ1820 የነበሯት 1,502 ነዋሪዎች ነበሩ። በ1830 ግን 9,207 ሆኑ፣ የዱቄት ከተማ ተባለች። ብድሩ ከጀልባዎች በተሰበሰበ የማለፊያ ክፍያ ተመለሰ።

ሁሉም አልደላውም። ቦዩ ያለፈው የአገሬው ተወላጆች የሆኑት የሆደኖሾኒ ሕዝቦች በጫናና በውል ከተነጠቁት አገር ላይ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለው የኒው ኢንግላንድ ገበሬም ከምዕራብ በሚመጣ ርካሽ ስንዴ ተመታ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። አላበቃም። ሌሎቹ ግዛቶች አዩና ቀኑ። ፔንሲልቬኒያ የራሷን ጀመረች። ግን ኒው ዮርክ በተራሮቹ መሃል የሞሃውክ ሸለቆ የሚባል ክፍተት ነበራት። ፔንሲልቬኒያ የላትም። ስለዚህ ጀልባዎቹን በሐዲድ ላይ አድርጋ በገመድ እየጎተተች ተራራ አወጣቻቸው! ለዓይን ያምራል፣ ለኪስ ግን አይሆንም። ኢንዲያና በ1836 ለቦይ፣ ለመንገድና ለባቡር 10 ሚሊዮን ዶላር ልትበደር ወሰነች። ዓመታዊ ገቢዋ 100 ሺህ እንኳ አይሞላም።

ከዋሽንግተን ገንዘብ የሚጠበቅ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ጃክሰን በ1830 የኬንታኪን አንድ መንገድ ውድቅ ሲያደርግ የማዲሰንን ክርክር አድሶት ነበር። ስለዚህ ሁሉም ለንደን ሄዶ ተበደረ። በ1837 የባንክ ቀውስ መጣ። በ1841 የግዛቶቹ ዕዳ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያና በቀጣዩ ዓመት ስምንት ግዛቶችና ገና ግዛት ያልሆነችው ፍሎሪዳ መክፈል አቆሙ።

ከአበዳሪዎቹ አንዱ ሲድኒ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። የፔንሲልቬኒያ ቦንድ ገዝቶ ወለዱ ቀረበት። በ1843 ለአሜሪካ ኮንግረስ አቤቱታ ጻፈ። ኮንግረስ የግዛቶቹን ዕዳ አልወሰደም።

[ምስል፦ የድሮ ቦንድ ወረቀት]

ኒው ዮርክ በ1846 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች። ከእንግዲህ ትልቅ ብድር የሚወሰደው ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ነው ተባለ። ኢንዲያና ደግሞ በ1851 ግዛቷ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ጭራሽ እንዳትበደር በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። ክልከላው ዛሬም እዚያው ተጽፎ አለ።