ጠመንጃውን የሚሸከመው ማን ነው? ስለ ጠመንጃ ኢላማ ተኩስ የመሣሪያ ደንብ ለተኳሾችና ለአሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ተኳሾች፣ አሠልጣኞችና ዳኞች፤

ስለ አተኳኮስ ልነግራችሁ አልመጣሁም፤ እሱን ከእኔ አብልጣችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ብዙውን የውድድር ዘመኔን ያሳለፍኩት ከመሣሪያ ቁጥጥር ጠረጴዛ ጀርባ ስለሆነ፣ የምናገረውም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስላየሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በተራ ቲሸርት ሽጉጥ ሲተኩስና ከቡድን ጓደኛው ጋር የብር ሜዳሊያ ሲወስድ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር፦ «ታዲያ የእናንተ ጠመንጃ ተኳሾች ምን ሆነው ነው ወደ ጠፈር እንደሚሄድ ሰው የሚለብሱት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሽጉጥ ደንብ እንዲህ ያለውን ጠንካራ ጃኬት ጭራሽ አይፈቅድም። በታመቀ አየር የሚተኩሰው የአየር ጠመንጃ ግን እስከ 5.5 ኪሎ፣ በ50 ሜትር ርቀት የሚተኮስበት ጠመንጃ ደግሞ እስከ 8 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ይህን ሸክም ለማመጣጠን ወገቡን ወደ ኋላና ወደ ጎን አጥፎ፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይተኩሳል፤ የሚፈልገው የአሥር ነጥብ ክብም በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለች ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነጥብ ናት። ያለ ድጋፍ የአከርካሪ አጥንት ይህን ለዓመታት አይችለውም። ስለዚህ ልብሱ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ወገብን የሚደግፍ ልብስና ሰውነትን እንደ ጄሶ የሚያስር ልብስ አንድ ስላልሆኑ በሁለቱ መካከል መስመር መሰመር ነበረበት። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የልብስ ደንብ፣ ቁጥሮቹ ቢበዙም፣ ይህን መስመር ከማስመር የዘለለ ሥራ የለውም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚወድቅበት የጨርቁ ግትርነት ነው። አለካኩን በቅርብ ያያችሁት ጥቂቶች ስለሆናችሁ ላስረዳ። ጨርቁ ሳይወጠር 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳ ላይ ይዘረጋል፤ ከላይ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ክብ ብረት በ1 ኪሎ ክብደት ትጫነዋለች። ብረቷ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ከሰመጠች ጨርቁ ያልፋል፤ 2.9 ላይ ከቆመች ይወድቃል። የሚለካውም ተኳሹ በመረጠው ቦታ ሳይሆን በማንኛውም የጃኬቱና የሱሪው ክፍል ነው።

አንድ ጊዜ ከውድድር በኋላ በሚደረገው ድንገተኛ ቁጥጥር ዕጣ የደረሰው ወጣት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በጥሩ ነጥብ ጨርሷል፤ ፊቱም ያንን ይናገራል። ጃኬቱን ከጀርባው በኩል ዘረጋሁት፤ ቁጥሩ 2.7 ላይ ቆመ። ቦታ ቀይሬ ለካሁ፤ እንደገና 2.7 ሆነ። ልጁ ጃኬቱን አዲስ እያለ በቤቱ እንዳስለካውና እንዳለፈ ማለልኝ፤ አመንኩትም። ነገር ግን ሸራ በላብ እየራሰ ሲደርቅና በብርድ ሲቆይ ይገትራል፤ የእሱ ጃኬት ደግሞ ሌሊቱን ያደረው ብርድ ቦታ ነበር። ከውድድር በኋላ የሚደረግን ቁጥጥር ያላለፈ ተኳሽ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ማስጠንቀቂያ ወይም የነጥብ ቅነሳ የሚባል ነገር የለም። ቅጣቱ ላላሰበው ሰው ይከብዳል እላለሁ፤ ሆኖም የጨርቁን ግትርነት ሆን ብሎ ያበጀውን ካላሰበው የሚለይ መሣሪያ እጃችን ላይ ስለሌለ የተሻለ አማራጭ አይታየኝም።

ውፍረቱ ቀለል ይላል። የጃኬቱና የሱሪው ጨርቅ በነጠላ ከ2.5፣ በድርብ ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከሥር የሚለበሰውም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ብርድን ፈርታችሁ የምትደርቡት ወፍራም ሹራብ ሊያስጥላችሁ ይችላል። ጓንት እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይፈቀድለታል።

ስለ ጫማ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሲጥሱት ከሩቅ የሚታይ ደንብ ይህ ብቻ ነው። ሶሉ ከ10 ሚሊ ሜትር አይወፍርም፤ የእግር ጣቶች ጋ ሲደርስም መታጠፍ አለበት፤ በመለኪያው ላይ ሲፈተን ቢያንስ 22.5 ዲግሪ መታጠፍ ይጠበቅበታል። ከዚህም በላይ ተኳሹ በውድድር ሜዳው ውስጥ እንደማንኛውም ሰው ተረከዙን አስቀድሞ በጣቱ እየጨረሰ እንዲራመድ ይገደዳል። እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደ ወደ መተኮሻ ቦታው የሚሄድ ተኳሽ ሶሉ እንደማይታጠፍ ለዳኛው በገዛ እግሩ እየመሰከረ ነው።

የጠመንጃው ደንብ ከልብሱ ያነሰ ክርክር ያስነሳል። ቴሌስኮፕ አይፈቀድም። አፈሙዝ ላይ ግፊትን የሚቀንስ ቀዳዳም ሆነ ሌላ ዘዴ አይፈቀድም። የአየር ጠመንጃ ከመተኮሻ ክፍሉ የኋላ ጫፍ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ከ850 ሚሊ ሜትር መርዘም የለበትም። ማንገቻ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ አይሰፋም፤ ለተኝቶና ለተንበርክኮ ተኩስ እንጂ ለቆሞ ተኩስ አይፈቀድም። ብዙዎች የሚረሱት የአየር ሲሊንደሩን የአገልግሎት ዘመን ነው፤ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን ማረጋገጥ የተኳሹ ኃላፊነት እንጂ የዳኛው አይደለም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ለማሳየት በአፈሙዙ ውስጥ የሚገባው የደኅንነት ባንዲራም በአየር ጠመንጃ ላይ የአፈሙዙን ሙሉ ርዝመት አልፎ መውጣት ይኖርበታል፤ ያጠረ ባንዲራ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አያሳይም።

አሠልጣኞች ደጋግማችሁ የምታነሱት ቅሬታ አለ፤ ደንቡ ውድ ጃኬት መግዛት ለሚችለው ያደላል የሚል። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። የግትርነት ወሰን ባይኖር ኖሮ አሸናፊው በየዓመቱ ይበልጥ የሚገትር ልብስ መግዛት የሚችለው ይሆን ነበር፤ 3 ሚሊ ሜትር የምትለዋ ቁጥር ይህን እሽቅድምድም አስቁማለች። የተለበሰ፣ የለሰለሰና ያረጀ ጃኬት ያለው ልጅ ከመለኪያው ፊት ምንም የሚያሳፍረው ነገር የለም።

መለኪያዎቹ በስተግራዬ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ነገ ጠዋት የሚለካው ለውጤት ነው፤ ዛሬ ግን ማንም ስም አይመዘግብም። ጃኬታችሁን፣ ሱሪያችሁንና ጫማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጃኬታችሁ ሌሊት የት እንደሚያድርም አብረን እናስባለን።