ጓይ ትል ውቅያኖስ ማዶ ያወረሰው ጂን

[ምስል፦ የሽምብራ ማሳ፤ እምቡጥ ሰርስሮ የገባ ትል]

«ተባዩ መድኃኒቱን ለምዶታል።» ጓይ ትል ሽምብራውን ወይም ጥጡን የፈጀበት ገበሬ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። የታዘበው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ እንደ አምናው አይገድልም። «ለምዶታል» የምትለዋ ቃል ግን መንገድ ታስታለች። ትሉ ሲረጭበት ወይ ይሞታል፣ ወይ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነገር ያተርፈዋል። መጠየቅ ያለብን ውርሱ ከየት እንደመጣ ነው።

[ምስል፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጂኖች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ]

ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውርስ መመሪያ ነው፤ ጂኖች የተደረደሩበት ክር ደግሞ ክሮሞዞም ይባላል። በጓይ ትል ክሮሞዞም ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ጂኖች ጎን ለጎን አሉ። የዘር ሕዋስ ሲፈጠር ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ አንዳንዴ ታዲያ ሳይገጣጠሙ ይለዋወጡና የአንዱ ጂን ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ይሰፋል። ሲዋይፒ 337ቢ3 የተባለው ጂን እንዲህ ተወለደ። ፌንቫሌሬት የተባለውን ፀረ ነፍሳት የሚያመክን ኢንዛይም (ኬሚካልን የሚለውጥ ፕሮቲን) ይሠራል፤ ሁለቱ ወላጅ ጂኖች ይህ ችሎታ አልነበራቸውም። ተመራማሪዎች ይህን በ2012 ያሳዩት በአውስትራሊያ ጓይ ትሎች ላይ ነው። በኋላ እንደታወቀው ይህ ስፌት በተለያዩ ቦታዎች ደጋግሞ ተፈጥሯል።

የቀረውን ክንፍ ይሠራዋል። ትሉ አድጎ የእሳት እራት ይሆናል፤ በሌሊት በነፋስ ታግዞ ከማሳ ማሳ፣ ከወረዳ ወረዳ ይሻገራል። አንዲት እንስት ከ1,000 በላይ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች።

[ምስል፦ የብራዚል ካርታ]

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ብራዚል ውስጥ የሆነው ነው። ጓይ ትል እዚያ መግባቱ የተነገረው በ2013 ነው። በአገሩ በቆሎ የሚበላ የቅርብ ዘመድ ነበረው፤ የሁለቱ ሐረግ ከተለያየ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያም ሆኖ ተዳቀሉ።

ድቅሏ ከአገሬው ዝርያ ጋር ስትጋባ ከእንግዳው የወረሰችው ግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ስምንተኛ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንግዳው ዘር ከአገሬው ተባይ ውስጥ በአብዛኛው ጠፋ። ያቺ የተሰፋችው ጂን ግን አልጠፋችም፤ እንዲያውም በዛች። ምክንያቱ ርጭት ነው። ሌላው ውርስ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም፤ ይህን ጂን ያልያዘው ትል በየርጭቱ ይረግፋል፣ የያዘው ይወልዳል። ስለዚህ የብራዚሉ ተባይ መከላከያውን ራሱ መፍጠር አላስፈለገውም፤ ከዘመዱ ተቀበለ።

[ምስል፦ የተረጨ ማሳ፤ አጠገቡ ያልተረጨ ቁራሽ መሬት]

ጂን ድንበር የሚሻገር ከሆነ የጎረቤት ርጭት የእኔም ጉዳይ ነው። መልካሙ ነገር፣ መድኃኒት የሚገድላቸው ተባዮችም ይበርራሉ። ካልተረጨ መሬት መጥተው ከተረፉት ጋር ሲጋቡ የመከላከያው ጂን ይቀጥናል፤ ሁሉንም ማሳ በአንድ ጊዜ በአንድ መድኃኒት መርጨት ግን ይህን ዕድል ይዘጋል።

[ምስል፦ የመድኃኒት ጠርሙስ፤ እጅ ወደ ጀርባው ሲያዞረው]

መድኃኒት ቀያየሩ ሲባል የንግድ ስሙን ማለት አይደለም። ዴልታሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን የፌንቫሌሬት ቤተሰቦች ናቸው፤ አራቱም ፓይረትሮይድ ይባላሉ፤ የነፍሳቱን ነርቭ የሚመቱትም በአንድ በር ገብተው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱን አዙሩትና በደቃቁ የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም አንብቡ፤ ካልገባችሁ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ «ይህ ባለፈው ከረጨሁት ቤተሰብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።