ነጭ ወገብ ብቻውን ማስረጃ አይደለም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የወፍ አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎችና እንግዶቻችን፤

መርሐ ግብሩ የዓመቱን የወፍ ምዝገባ እንድገመግም ያዝዘኛል፤ እገመግማለሁም። ከዚያ በፊት ግን በመዝገባችን ላይ ባየሁት ቁጥር የሚያስቆጨኝን አንድ ስም ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ይኸውም ስዊፍት ከሚባሉት በፍጥነት ከሚበሩ ትናንሽ ወፎች የአንዷ ስም፣ «ሊትል ስዊፍት» የሚለው ነው። ወገቧ ነጭ የሆነ ስዊፍት በታየች ቁጥር፣ በከተማ ሕንፃ ሥርም ይሁን በገደል አፋፍ፣ ጅራቷን ያየ ሳይኖር ይህ ስም ይጻፍላታል።

በአገራችን ሰማይ ዋይት ራምፕድ ስዊፍትም እንዳለች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ የሁለቱም ጉሮሮና ወገብ ነጭ ነው። የሚለያቸው በመጀመሪያ ጅራታቸው ነው፦ የሊትል ስዊፍት አጭርና ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሲሆን፣ የሌላዋ ረጅምና እንደ መንሽ በጥልቀት የተሰነጠቀ ነው። ነገር ግን ይህችኛዋ ስትበር ጅራቷን አብዛኛውን ጊዜ ስለምትገጥመው ስንጥቁ ተሰውሮ ቀጭን ሹል ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ለመዞር ስትጠማዘዝ እስክትከፍተው በትዕግሥት መጠበቅ ያሻል። ነጩም ቢሆን አንድ አይደለም፤ በሊትል ስዊፍት ሰፊ ሆኖ ወደ ጎኖቿ ይታጠፋል፣ በሌላዋ ግን ጠባብ ቅስት ነው።

አንድ ባልደረባችን፣ ስሙን ባልጠራም ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ እንግዶች ይዞ አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ዘንድ ይደርሳል። ከድልድዩ ሥር ስዋሎ የሚባሉ ሌሎች ወፎች በጭቃ የሠሩት፣ መግቢያው እንደ ቱቦ የረዘመ ጎጆ አለ፤ ወደዚያ ጎጆ አንዲት ስዊፍት ትገባለች። ቢኖክላሩን ከደረቱ ሳያነሣ «ሊትል ስዊፍት!» ይላል። አንድ አዛውንት እንግዳ «ሊትል ስዊፍት በመንጋ አይደለም ወይ የምትኖረው? የቀሩት የት ሄዱ?» ብለው ይጠይቁታል። «ይህችኛዋ ብቸኝነት ትወዳለች» ይላቸዋል። ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ ጎጆው በር ያመለክቱታል፤ በመግቢያው ላይ ነጫጭ ላባዎች ተለጥፈዋል። የሰው ቤት ገብታ፣ በላባ አንጥፋ የምትቀመጠው ዋይት ራምፕድ ናት! ሊትል ስዊፍትማ ላባና ሣር በምራቋ እያጣበቀች የራሷን ትሠራለች፤ ያውም ከብዙ ጎረቤት ጋር።

ስሕተቱ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደቡብ ስፔን፣ በካዲስ አካባቢ፣ እነዚሁ ወፎች ጫጩት ሲፈለፍሉ በተገኙ ጊዜ የተማሩት ሰዎች ሳይቀሩ በመጀመሪያ ሊትል ስዊፍት ናቸው ብለው ነበር። ኋላ ግን ወፎቹ ዋይት ራምፕድ መሆናቸው ተረጋግጦ መዝገቡ ታረመ። እኛ የጻፍነውን ማን ያርመዋል?

በግልጽ ልናገር። ባልደረባችን ዓይን አላጣም፤ ዝርዝሩ በረዘመ መጠን ጉርሻውም እንደሚጨምር ስላስተማርነው እንጂ! «አልለየሁም» ብሎ የጻፈ ወጣት በስብሰባችን ይሳቅበታል፤ በግምት የሞላው ግን ይጨበጨብለታል። ይህ ነውር ነው። ጅራቱን ያላየ ሰው ስም የመስጠት መብት የለውም፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው አንጋፋም ቢሆን!

ሆረስ ስዊፍት የምትባለውን ሦስተኛዋንም አትርሱ፤ ነጯ ሰፊ፣ የጅራቷ ስንጥቅ መካከለኛ ነው፤ በአሸዋማ የወንዝ ዳር ጉድጓድ ጫጩት ትፈለፍላለች። ድምፅም ይረዳል፤ የሊትል ስዊፍት መንጋ ፈጣን ጭውጭውታ ከሩቅ ይሰማል።

ስለዚህ ወደ ግምገማው ከመግባታችን በፊት ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲወስን እጠይቃለሁ፦ በመመዝገቢያ ቅጻችን «ያልተለየ ስዊፍት» የሚል ረድፍ እንዲጨመር፣ ደግሞም የጅራቷ ቅርጽ ያልተጻፈባት ነጭ ወገብ ስዊፍት ሁሉ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በዚያ ረድፍ እንድትገባ።