ከሰባት ሰዓት በኋላ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ኮዬ ፈጬ፣ ቤቴ ሆኜ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። የምትሰሙት ድም ድም የጎረቤቴ ቡና ሙቀጫ ነው።

ስለ አየር ትንበያ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ከዜናው በኋላ ስለሚመጣው። ብዙዎቻችን እሱ ሲጀምር ጣቢያ እንቀይራለን። እኔ ግን ክረምት ከገባ ሳልሰማው አልተኛም። የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ "ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ" ይሉ እንደሆነ።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን ሰንዳፋ አካባቢ፣ አያቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። አንድ ቀን ከብት ይዘን ወጥተን ዝናቡ ድንገት ሲጥል ሁላችንም ሮጠን አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ተጠለልን። አያቴ ከሩቅ ጋቢያቸውን እያወዛወዙ "ውጡ! ከዛፉ ሥር ውጡ!" እያሉ ጮኹ። በጣም ተናደድን። በስብሰን ቤት ገባን። በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ልጣጩ ተገሽልጦ ሣሩ ላይ ተበትኗል፣ ውስጡ እንደ አጥንት ነጭ ሆኗል። እጄን አስገብቼ ነካሁት። እስካሁን ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እና እዚህ ስኖር የማየው ምንድን ነው? ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ፀሐይዋ ትከራለች። እናቴ "ይቺ ፀሐይ ዝናብ ልታመጣ ነው" ትላለች፣ ልክም ናት። ሌሊት የራሰውን መሬት ፀሐይዋ ስታሞቀው እርጥበት የያዘው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው እየተቆለለ ይሄድና ከሰባት ሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ መብረቁ ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በረዶው ሳይቀልጥ መሬት የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ከሰማችሁት ታውቁታላችሁ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢጮህ እንኳን አይሰማም።

ታላቅ እህቴ ጋምቤላ ነው የምትኖረው። ስንደዋወል እኔ ብርድ ብርድ እላለሁ፣ እሷ ወበቅ ወበቅ ትላለች። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ሙቀት ሙቀት ነው ብዬ። አንድ ክረምት ሄጄ ባሮ ዳር ሻይ ስጠጣ ገባኝ። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ቴሌቪዥኑ ላይ የምናየው የሙቀት መጠን ብቻውን ይሄን አይነግረንም። እህቴ ልጆቿን ቀን ቀን ውሃ ጠጡ እያለች ስትጨነቅ አሁን አታጋንኚ አልላትም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። እዚህ ዙሪያውን ግንባታ ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ወጣት ልጆች ጣሪያ ላይ ቆመው ፌሮ ያስራሉ፤ ሰማዩ ሲጠቁርም እዚያው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ነጎድጓዱ እየቀረበ አንዱም አልወረደም፤ ዝናቡ እስኪጥል ነው የሚጠብቁት። ከዚያ ማዶ ደግሞ ሜዳው ላይ በግ የሚጠብቁ ሕፃናት አሉ። እነዚህ ልጆች ማታ ትንበያ አይሰሙም። እኔ ሰምቼ ዝም ብል ምን ይረባል? አንድ ቀን ወርጄ ለፎርማኑ ነገርኩት፣ "እሺ፣ እሺ" አለኝ። እንደገና እነግረዋለሁ።

የምነግራቸውም ቀላል ነገር ነው። ብልጭታውን ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትሞሉ ካጉረመረመ ቅርብ ነውና ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ። ዛፍ ሥር አይደለም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዝናቡ ስላባራ ብቻ አትውጡ።

ቆይ... አያችሁ፣ በአቃቂ በኩል ብልጭ አለ። ልቁጠር።

...

አሥራ ስምንት። ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቹ አሁንም ጣሪያው ላይ ናቸው። በቃ፣ እዚህ ላይ ላቁምና ልውረድ።