ቃጭሉ ለምን ዝም ይላል?
(ጅማ ላይ ለተሰበሰቡ የሳይንስ መምህራን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የጅማና የአካባቢዋ የሳይንስ መምህራን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

በመርሐ ግብሩ የተያዘልኝ ርእስ «ድምፅና ሕዋ» የሚል ነው። የመጣሁት ግን ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልሟገት ነው፦ «ድምፅ በባዶ ቦታ አይተላለፍም።» ሁላችንም ሰሌዳ ላይ ጽፈናታል። ተማሪውም ገልብጧታል፤ ፈተና ላይ አክብቦባት አልፏል። «ለምን?» ሲባል «አየር ስለሌለ» ይላል። አየሩ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር? እዚህ ላይ መልስ ይጠፋል።

ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ከግድግዳው ማዶ ይሰማናል። ዘነዘናው ሲያርፍ ሙቀጫው ይርገበገባል፤ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ የተገፋው ደግሞ ቀጣዩን። ሙቀጫውን የነካው አየር ራሱ ጆሯችን ድረስ አይመጣም፤ ጎረቤቱን ገፍቶ ይመለሳል። የሚጓዘው ግፊቱ ነው። ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ጅማ፣ በአንድ ኩብ ሳንቲሜትር አየር ውስጥ ወደ 20 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ሞለኪውሎች አሉ። አንዱ ሌላውን ሳይገጭ የሚሄደው ርቀት ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ያንሳል። በፀሐይ ዙሪያ ባለው ሕዋ ግን፣ ምድር በምትገኝበት ርቀት ላይ፣ በዚያው ኩብ ሳንቲሜትር ውስጥ የሚገኙት ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። አንዱ ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘውም ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ያህል ርቀት ነው። ገፊ ቢኖር እንኳ ተገፊ የለም። ተማሪው ይህን ይወቅ!

ይህን ለማሳየት «አየር ማውጫ ፓምፕ የለንም» እንላለን። ይህ ሰበብ ይብቃ! ፍላስኩ፣ ያ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ዕቃ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አቧራ እየጠጣ፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የፍላስክ ሥዕል ሲገለብጥ ይከርማል። አንድ ፍላስክ፣ የጎማ ቡሽ፣ ትንሽ ቃጭል፣ ክርና እሳት በቂ ነው።

ፍላስኩ የግማሽ ሊትር፣ ሙቀት የሚችል፣ ታቹም ክብ ይሁን። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን ወይም ተራ ጠርሙስን በፍጹም አትጠቀሙ፤ ውስጡ ሲጎድል የጅማ አየር በየስኩዌር ሳንቲሜትሩ 800 ግራም ያህል ስለሚጫነው ወደ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ጭረት ያለበትንም ተዉት፤ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ቃጭሉን በለስላሳ ክር ከቡሹ ሥር አንጠልጥሉ፤ ብርጭቆውንም ውሃውንም አይንካ። መጀመሪያ አየር እንዳለ ነቅንቃችሁ አሰሙ፤ ልጆቹ ይህን ድምፅ ካልያዙ የኋላውን አያመዛዝኑም። ቀጥሎ ቡሹን አውጥታችሁ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል አንተክትኩት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያ አይጎዳንም። እንፋሎቱ አየሩን እየገፋ ያስወጣል። እሳቱን መጀመሪያ አንሡ፤ ከዚያ ወዲያው ቡሹን ግጠሙ። እሳቱ ሳይነሣ የገጠመ ሰው ቦምብ ሠርቷል፤ የዘገየ ደግሞ አየሩን መልሶ አስገብቷል። በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ይሰነጠቃል። የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተመልሶ፣ 82 ኪሎ ፓስካል የነበረው ግፊት ወደ 2.3 ይወርዳል። አሁን ነቅንቁት። ቃጭሉ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ድምፁ ግን ከስሟል። ቡሹ ሲላቀቅ አየሩ እያፏጨ ይገባል፤ ድምፁም ይመለሳል።

ድምፁ ካልቀነሰስ? ወይ ቡሹ ያስተነፍሳል፣ ወይ የተንጠለጠለው በሽቦ ነው። ይህ ስሕተት ታላላቆችንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ ሮም ውስጥ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ጋስፓሮ ቤርቲ ከአሥር ሜትር በላይ የሚረዝም ቱቦ በውሃ ሞልቶ አቆመ፤ ውሃው ዝቅ ሲል ከላይ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። እዚያ ደወል ተደረገ፤ መምቻው ከውጭ በማግኔት ተሳበ፤ ደወሉም ጥርት ብሎ ተሰማ! የዘመኑ ሊቅ አታናሲየስ ኪርቸርም «እንግዲያው ባዶ ቦታ የለም ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። ደወሉ የተሰማው ግን ንዝረቱ በተያያዘበት ጠጣር ነገር በኩል ወደ ዕቃው ስለወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1660 ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ሰዓት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ አየሩን በፓምፕ ሲያወጣ የሰዓቱ ድምፅ እየደከመ ጠፋ። ልዩነቱን ያመጣው ክሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አንዋሽ። ፍላስኩ ሕዋ አይደለም። በቀረው ስስ ተን ውስጥ ሞለኪውሎቹ አሁንም ይጋጫሉ፤ ድምፅ አሁንም ያልፋል። የደከመው ተኑ በመሳሳቱ ቃጭሉ የሚገፋው ስላነሰ፣ ተኑም ብርጭቆውን ለማርገብገብ ጉልበት ስላጣ ነው። «ይኸው፣ ባዶ ሆነ» ብሎ የሚያስተምር መምህር ሌላ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈ ማለት ነው! ማርስ ላይ የአየሩ ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ ባይሞላም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ ያረፈው ማይክሮፎን የነፋሱን ድምፅ ቀድቷል።

ልጆቹ ስለ ጨረቃ መጠየቃቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያ የተራመዱት ሰዎች የተነጋገሩት በሬዲዮ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድም እንደ ብርሃን የሚገፋው ነገር አያስፈልገውም።

ንግግሩ ሲጀመር የተጣደው ፍላስክ አሁን ፈልቷል። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ስልካችሁንም ዝጉ። እሳቱን አንሡልኝ።