የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጥልፍና ሽንሽን ወደ ሹራብ ሲመጡ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለደወሉ አድማጮች የእጅ ሥራ ባለሙያዋ የሰጡት መልስ

ከቡራዩ፦ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ ያለውን መስቀል ባለካሬ ወረቀት ላይ ገልብጬ በሹራብ ብሠራው ድፍጥጥ አለብኝ። ምን አጠፋሁ?

ያሳሳትዎት ወረቀቱ ነው። የወረቀቱ ካሬ ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ የሹራብ ዓይን (አንዷ የክር ቀለበት) ግን ከቁመቱ ስፋቱ ይበልጣል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር በ4 ሚሊ ሜትር የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ሲሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ 22 ዓይንና 30 ረድፍ ያህል ይገባል። ስለዚህ 22 በ22 ካሬ የነበረው መስቀል ቁመቱ ከ7 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከየሦስቱ ረድፍ አንዱን ደግመው ይሥሩት፣ ይስተካከላል። አስቀድመው ግን ናሙና! 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ሠርተው፣ አጥበው፣ አድርቀው ይለኩ።

ከሱሉልታ፦ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሰበሰበ ደረት በሹራብ ይሆናል?

ያምራል እንጂ! 1 ዓይን በፊት፣ 3 ዓይን በጀርባ እያደረጉ ላስቲክ (ቁም መስመር ያለው፣ የሚለጠጥ ሹራብ) ይሥሩ። ከዚያ በመርፌና በክር ሁለት ጎረቤት የፊት መስመሮችን አቅርበው ሁለቴ ጠምጥመው ይያዙ። 6 ረድፍ ከፍ ብለው ጥንዶቹን በአንድ መስመር አዛውረው ይድገሙ። ስፋቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊሰበሰብ ስለሚችል አሁንም ናሙና ሳይሠሩ ዓይን አይቁጠሩ።

ከገላን፦ ሹራብ ላይ ለመጥለፍ የቱ መርፌ ይሻላል?

ጫፉ ደነዝ የሆነው። ስለታሙ ክሩን ይሰነጥቀዋል።

ከሰበታ፦ ለልጅ ልጄ ጥልፍ አስመስዬ በሁለት ቀለም ካልሲ ሠራሁ። ውስጡ ክር ተንጠልጥሏል። ችግር አለው?

አለው፣ እማማ፤ አያልብሱት። ይህን ሁሌም እናገራለሁ፣ ዛሬም እደግመዋለሁ። ያ የተንጠለጠለ ክር የሕፃኑን ጣት ይይዛል። ሕፃኑ በተወራጨ ቁጥር ይጠመጠማል፣ ደም መዘዋወሩን ያግዳል፣ ጣቱ ያብጣል። ልጁ ከማልቀስ በቀር መናገር አይችልም፣ ካልሲው ደግሞ ይሸፍነዋል። ለሕፃን እጅና እግር ውስጡ ንጹሕ፣ አንድ ቀለም ይሁን። ጌጡን ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታጠፈው ላስቲክ ላይ ብቻ ይጥለፉ፤ እዚያም ክሩን ከቦታ ቦታ አያዝልሉ። የክሩን ጫፍ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሸምነው ይቅበሩት፣ ቋጠሮ ብቻውን ይፈታል። ከማልበስዎ በፊት ሁልጊዜ ገልብጠው በጣትዎ ይዳስሱ። ዶቃና ቁልፍም አይስፉበት፤ ተበጥሶ አፉ ይገባል። ጣቱ አብጦ ወይም ጠቁሮ ካዩ ቤት ውስጥ ሲታገሉ ጊዜ አይፍጁ፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከለገጣፎ፦ የጠለፍኩበት ቦታ ተጨማደደ፤ ልተኩሰው?

ክሩን ስበውታል። ሹራብ ይለጠጣል፣ ጥልፉም አብሮት መለጠጥ አለበት፤ ስለዚህ ፈትተው ላላ አድርገው ይጥለፉት። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ካውያ አያስነኩት፤ ተለጥፎ ይቀራል፣ አይመለስም። አርጥበው ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ በስፒል ወጥረው በጥላ ያድርቁት።

ከኮዬ ፈጬ፦ ስሠራ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊትም ያነቃኛል።

ዘንጉን ዛሬውኑ ያስቀምጡና ሐኪም ጋ ይሂዱ።