ሁለት ማኒፎልዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ሁለት ብረቶች ብቻ ነን። ስለማታዩዋቸው ላሰማችሁ።

(ብረት ሲመታ፤ ደፈን ያለ ድምፅ)

ይሄ አሮጌው ነው።

(ብረት ሲመታ፤ ጥርት ያለ፣ የሚቆይ ድምፅ)

ይሄ ደግሞ አዲሱ። ልዩነቱን ሰማችሁት አይደል? ሁለቱም የጭስ ማውጫ ማኒፎልዶች ናቸው። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ለተደረደሩበት የ1950ዎቹ ሞተር። ስታዩዋቸው መንታ ናቸው። ድምፃቸው ግን ይለያያል። ወደ ምክንያቱ እመጣለሁ።

ማኒፎልድ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ አንድ ቧንቧ የሚሰበስብ ብረት ነው። ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገጠመው ክዳን፣ ቴስታታው፣ ጎን ላይ ይታሰራል። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ስለ ቀለም ያወራል፣ ስለ ወንበር ቆዳ ያወራል፣ ስለ ካርቡሬተር ያወራል። ማኒፎልዱን እስኪሰነጠቅ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ጃጓር ግን አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ኤክስኬ የተባለው ሞተሩ ላይ ማኒፎልዱን እንደ ድስት በኢናሜል ይሸፍነው ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ኮፈኑ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። እኔ ይሄን ያደረጉትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ።

የኔው ማኒፎልድ በሽታ በድምፅ ነው የጀመረው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቱክ ቱክ ቱክ ይላል። ሲሞቅ ይጠፋል። ብረቱ ሲግል ያብጣል፣ ስንጥቁም ይገጥማል፣ ለዚያ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይከፈታል። በውስጡ የሚያልፈው ጭስ ሞተሩ ጫና ሲበዛበት ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት እንዲህ ሲግል ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይሄን ለ60 ዓመት፣ በየቀኑ አስቡት።

ብየዳ ሞከርኩ። ማኒፎልዱ ካስት አይረን ነው፤ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። በውስጡ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካርቦን አለ፤ ብየዳውን የሚያከብደው እሱ ነው። በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ብረቱን አስቀድሞ አሙቆ፣ ቀስ ብሎ አቀዝቅዞ መበየድ ይቻላል። ጎበዝ በያጅ ያደርገዋል። የኔው ግን ብየዳው ጠንክሮ ያዘና አጠገቡ ተሰነጠቀ። ሌላ ያገለገለ ፈልጌ አገኘሁ፤ ቅድም የመታሁላችሁ እሱ ነው። እሱም ተሰንጥቋል፤ ያውም በዚያው ቦታ። ሦስተኛም አየሁ። ያው። የዚያን ሞተር ማኒፎልድ የሚያመርት ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ራሴ ላሠራ ወሰንኩ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይሄን ስህተት ሌላ ሰው እንዲደግመው አልፈልግም።

አሮጌውን አጠብኩት፣ ስንጥቁን በፑቲ ደፈንኩት፣ ማቅለጫ ቤት ወሰድኩት። «ይሄን አሸዋ ላይ አትሙልኝና ብረት አፍስሱበት» አልኩ። ቁልፍ የማስቀዳ ነበር የመሰለኝ። አፈሰሱልኝ። ቤት ወስጄ ቴስታታው ላይ ስገጥመው መሐል ያሉት ብሎኖች ገቡ። ዳርና ዳር ያሉት አልገቡም። ብለካው ከአሮጌው በ6 ሚሊ ሜትር አጥሯል።

ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ካስት አይረን ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው የሚኮማተረው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 በመቶ ስትቀንሱ ያው 6 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮ ሞዴል ሠሪዎች፣ አሸዋው ላይ የሚታተመውን የእንጨት ቅርጽ የሚጠርቡት፣ ይሄን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ልዩ ማስመሪያ ነበራቸው። ማስመሪያው ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከትክክለኛው በትንሹ ይረዝማል። ሞዴል ሠሪው ስሌት አይሠራም፤ በዚያ ማስመሪያ እየለካ እንጨቱን ይጠርባል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ልኩ ላይ ይመጣል። ይሄን ሳውቅ ብዙ ቆየሁ ማስመሪያውን እያሰብኩ። ሆን ተብሎ የተሳሳተ፣ ግን ሥራውን ትክክል የሚያደርግ መለኪያ።

እሺ፣ ታዲያ አሮጌውን ለክቼ 1 በመቶ ልጨምርበት አልኩ። እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞዴል ሠሪ አስቆመኝ። «ልጄ፣ ይሄ ብረት እኮ አድጓል» አለኝ። አልገባኝም። ብረት ያድጋል እንዴ?

ያድጋል። ግራጫ ካስት አይረን ለረጅም ጊዜ ሲግል በውስጡ ከብረቱ ጋር የተዋሃደው ካርቦን ይለቀቅና ግራፋይት ይሆናል። ግራፋይት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ እስከ ወዲያኛው ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያ ማለት አሮጌው ማኒፎልዴ ከፋብሪካ የወጣው ማኒፎልድ አይደለም። ረዝሟል፣ ትንሽም ጎብጧል። እሱን ብቀዳ የምቀዳው በሽታውን ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ልክ የት ነው ያለው? ቴስታታው ላይ። ቴስታታው በውሃ ይቀዘቅዛል። እንደ ማኒፎልዱ አይግልም፣ ቅርጹንም አይለቅም። የብሎኖቹን ርቀት እዚያ ላይ ለካሁ። በዳርና ዳር ብሎኖች መካከል አሮጌው ማኒፎልድ ከቴስታታው በ2 ሚሊ ሜትር ይረዝም ነበር። ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ብዙ ነገር ገለጸችልኝ። ብሎኖቹ ለምን እንደተሰበሩ፣ ስንጥቁ ለምን ሁሌ በዚያ ቦታ እንደሚመጣ፣ የዳር ቀዳዳዎች ከመጀመሪያውም ለምን ከብሎኑ ሰፋ ተደርገው እንደተሠሩ። ብረቱ መሐል ላይ ተይዞ ወደ ዳርና ዳር እንዲንሸራተት ነበር የታሰበው። በመሐሉ የሆነ ሰው የዳሮቹን ብሎኖች እስከ መጨረሻው ጠርቅሟቸዋል። ብረቱ መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ።

የውጩ ልክ እንዲህ ተገኘ። የውስጡስ? ጭሱ የሚሄድበትን ቦይ የሚሠራው ኮር ነው። ኮር ማለት ከአሸዋ ተሠርቶ የጠነከረ፣ የባዶውን ቦታ ቅርጽ የያዘ ነገር ነው። ሻጋታው ውስጥ ይቀመጣል፣ ብረቱ ዙሪያውን ይፈሳል፣ በኋላ አሸዋው ተራግፎ ይወጣል። ቦዩ ይቀራል። አሮጌውን ሳይቆርጡ ውስጡን የሚያነሱ የኢንዱስትሪ ሲቲ ስካን መሣሪያዎች አሉ። እኔ ጋ አልነበረም። የነበረኝ መጋዝ ነው።

ለሦስት ሳምንት አልቆረጥኩትም። መጋዙን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ተሰንጥቋል፣ አይሠራም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ሞተር ጋር አብሮ የተወለደው እሱ ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በቁመቱ ለሁለት ከፈልኩት።

ጥላሸቱን ስጠርግ በቦዩ መሐል የሚሄድ ቀጭን መስመር አየሁ። ኮሩ ሁለት ግማሽ ሆኖ ተሠርቶ የተጣበቀበት ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር በር አጠገብ ያ መስመር ጠፍጠፍ ብሏል። በትንሹ ጎበጥ ያለ፣ የጣት ስፋት ያለው፣ ወደ አንድ ወገን የተሳበ ምልክት። አንድ ሠራተኛ ስፌቱን በጣቱ ዳብሶት ነው። አሸዋው ያን ያዘ፣ ብረቱ ከአሸዋው ወሰደ፣ ጥላሸቱ ሸፈነው። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩ። ስፋቱ ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት።

የግድግዳውን ውፍረት ለካሁ። አንዱ ወገን 6 ሚሊ ሜትር፣ ተቃራኒው 4። ብረት ሲፈስ ኮሩ ትንሽ ሸርተት ብሎ ነበር። ስንጥቁ በቀጭኑ ወገን ነው። በአዲሱ ላይ ኮሩ የሚያርፍባቸውን ጫፎች ረዘም አደረግናቸው፣ እንዳይንቀሳቀስ። ግን ማቅጠንም ማወፈርም ገደብ አለው። ካስት አይረን በጣም ሲሳሳ ቶሎ ይቀዘቅዝና ነጭ፣ እንደ መስተዋት ጠንካራ ይሆናል። ትራፓኖ አይበሳውም፤ ፑንታው ይሰበራል እንጂ።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። አሮጌው ግራጫ ካስት አይረን ነው። በውስጡ ያለው ግራፋይት እንደ ቅጠል የሳሳ ነው፤ ድምፅን ያፍናል፣ ስንጥቅንም መንገድ ይመራል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኪት ሚሊስ የተባለ ሰው ኢንኮ በተባለው የኒኬል ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማግኒዚየም ሲጨምርበት ግራፋይቱ ቅጠል መሆኑ ቀርቶ እንደ ትንንሽ ኳስ ተድቦለቦለ። ዳክታይል የሚባለው ካስት አይረን እንዲህ ተገኘ። ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ሲመቱትም ይጮኻል። አዲሱ ከእሱ ነው።

በዚህ የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉ። «ኦሪጅናሉ ግራጫ ነው፣ አንተ ለምን ትቀይራለህ?» ይሉኛል። ክርክራቸውን እረዳለሁ። እኔ ግን መኪናው እንዲነዳ ነው የምፈልገው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያን ቅርጽ ሲስሉ ዳክታይሉ ገና አልተስፋፋም፤ በእጃቸው የነበረው ብረት ግራጫው ነበር። የተሻለውን ቢያገኙ ይጠቀሙበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሩ ላይ ግን አልደራደርም። ብዙ አሮጌ ብረቶች ላይ ሲፈስ አብሮ የወጣ ጽሑፍ አለ። ቼቭሮሌትን ብትወስዱ የዕቃው ቁጥር አለ፣ ከዚያ ቀኑ አለ፤ ወሩ በፊደል፣ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከኤ እስከ ኤል፣ ቀጥሎ ዕለቱ፣ ቀጥሎ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ። ሰብሳቢዎች ይሄን በአጉሊ መነጽር ነው የሚያነቡት። የመኪናውን ዋጋ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ማኒፎልድ እንደምሠራ የሰማ አንድ ሰው የሱ መኪና ከተመረተበት ሳምንት ጋር የሚስማማ ቀን እንዳስገባለት ጠየቀኝ። ጥሩ ገንዘብ አቀረበ።

የዕቃውን ቁጥር አስገባለሁ። ለየትኛው ሞተር እንደሆነ ይናገራል፣ እሱም እውነት ነው። ቀኑን ግን አላስገባም። ያ ቀን አንድ ብረት የፈሰሰበት ቀን ነው። ይሄ ብረት በዚያ ቀን አልፈሰሰም። እምቢ አልኩት። በሱ ፋንታ ወደ ቴስታታው በሚዞረው ፊት አጠገብ፣ ከሥር በኩል፣ የኔ ትንሽ ምልክትና የፈሰሰበት ትክክለኛ ዓመት አለ። ከ50 ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው ያገኘዋል።

የመጀመሪያው ደህና ከወጣ በኋላ ያው ሞተር ያላቸው አምስት ሰዎች እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ዛሬ ኮርን ያለ ምንም ሞዴል፣ ከኮምፒውተር በቀጥታ በአሸዋ የሚያትሙ ማሽኖች አሉ። አንድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ስፌት እንኳ የለውም። ለአምስት ግን የእንጨት የኮር ሣጥን፣ ማለትም የአሸዋው ኮር የሚቀረጽበትን ሻጋታ፣ ማሠራት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌው ሠራልን።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ኮሮች አጣበቅን። ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ መስመሩ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ይቀራል። ጭሱን እንዳያደናቅፍ መዳበስ አለበት። ሽማግሌው እርጥብ ጨርቅ አቀበለኝ። ጨርቁን ወደ ጎን አስቀመጥኩና ከሦስተኛው ሲሊንደር በር ጀምሬ በጣቴ ዳበስኩት።

ነገ ብረት እናፈስባቸዋለን።